ያልፈረምኩበት የምስጋና ደብዳቤ

ጂም ኢንሆፍ ከአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሊሰናበቱ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯቸው፣ በ2022 መጨረሻ ላይ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ በምንኖር ጥቂት ኢትዮጵያውያን መካከል የምስጋና ደብዳቤ እንጻፍላቸው የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። (ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሐሳቡን ያመነጩት በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት በአየር ኃይል የአውሮፕላን ጥገና ክፍል ያገለገሉ፣ እንደ አባት የማከብራቸው ሰው ናቸው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታቸው ቡና ተፈልቶ ሳለ ወረቀቱን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው «ልጄ፣ እስቲ አንብበውና ፈርምበት» አሉኝ። ከአንድ ገጽ የማይበልጥ፣ በጥሩ አማርኛ የተጻፈና ከሥሩ ትርጉሙ የሰፈረበት ደብዳቤ ነበር፤ ሴናተሩን የሚያመሰግነውም ሁሉም ፊቱን ባዞረብን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ስለ መቆማቸው ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያም ወረቀቱን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩትና «አባቴ፣ ይህን መፈረም አልችልም» አልኳቸው።

ሴናተሩ በጁላይ 2024 በ89 ዓመታቸው ካረፉ በኋላም እኔና እኚህ አባት በተገናኘን ቁጥር ጉዳዩ ይነሣል። ያልፈረምኩበትን ምክንያት ለእሳቸው በቃል ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ዛሬ ግን በጽሑፍ ላስቀምጠው ፈለግሁ፤ በቃል ስከራከር ሁልጊዜ የማስቀድመው ቁጣዬን ስለሆነ፣ ለሰውየው የሚገባቸውን ክብር ሳልሰጥ የቀረሁባቸው ጊዜያት እንዳሉ ይሰማኛል።

ኢንሆፍ በ1934 በአይዋ ተወልደው በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ኦክላሆማ የተሻገሩ፣ በግዛቲቱ ምክር ቤት፣ በተልሳ ከተማ ከንቲባነት፣ ከዚያም በተወካዮች ምክር ቤት ሠርተው በ1994 ሴናተር የሆኑ ሪፐብሊካን ነበሩ። ሃያ ስምንት ዓመት በሴኔት ተቀመጡ። በዚህ ረጅም ዘመን የአካባቢ ጥበቃና የሕዝብ ግንባታ ኮሚቴውን ሁለት ጊዜ፣ በመጨረሻም ኃያሉን የመከላከያ ኮሚቴ መርተዋል። በጡረታ በወጡበት ጊዜ የጸደቀው የ2023 የመከላከያ በጀት ሕግ በስማቸው ተሰይሟል። ከቀኙ የፖለቲካ ወገን እንኳ ከሁሉ ይበልጥ ወደ ቀኝ የሚቆሙ ሰው እንደ ነበሩ ወዳጆቻቸውም ባላጋራዎቻቸውም ይስማማሉ።

እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚመለከተው ታሪካቸው ግን በመጀመሪያ የሚጀምረው ከ1997 ዓመተ ምሕረቱ ምርጫ ነው። ያ ምርጫ በተስፋ ተጀምሮ በደም መጠናቀቁን የማያስታውስ አንባቢ አይኖርም። ጉዳዩን እንዲያጣራ በራሱ በመንግሥት የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የቆጠራቸው የተገደሉ ሲቪሎች ብቻ 193 ነበሩ፤ የቅንጅት መሪዎችም ከጋዜጠኞችና ከሲቪል ማኅበራት ሰዎች ጋር ታሰሩ። በዚህ ጊዜ የኒው ጀርሲው ተወካይ ዶናልድ ፔይን ኤች አር 2003 በሚል ቁጥር የምናውቀውን ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ረቂቁ አሜሪካ ለኢትዮጵያ መንግሥት የምትሰጠውን የጸጥታ እርዳታ ከሰብአዊ መብት አያያዝና ከፖለቲካ እስረኞች መፈታት ጋር የሚያያይዝ ነበር። በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በምግብ ቤት፣ በታክሲ ማቆሚያ ፊርማ እያሰባሰበ፣ ከሥራ መልስ ወደ እንደራሴዎቹ ቢሮ እየደወለ የታገለለት ሕግ ነው። እኔም በዚያን ጊዜ የስልክ ቁጥሮች የታተሙበትን ወረቀት እያባዛሁ ከሚያከፋፍሉት አንዱ ነበርኩ። የኢትዮጵያ መንግሥትም በበኩሉ ዲ ኤል ኤ ፓይፐር የተባለውን ትልቅ የሕግ ድርጅት ቀጥሮ ረቂቁን ይዋጋ ነበር። ኦክቶበር 2 ቀን 2007 ረቂቁ በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። ያን ቀን ምሽት እርስ በርስ እየተደዋወልን እንዴት እንደ ተደሰትን ዛሬም አልረሳሁትም።

ሴኔት ሲደርስ ግን ቆመ፤ እዚያው ሞተ። በሴኔት ውስጥ ረቂቁን በግልጽ ከተቃወሙት ሁሉ ድምፃቸው ጎልቶ የተሰማው ኢንሆፍ ነበሩ። ክርክራቸው ቀላል ነበር፤ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀንድ አሸባሪነትን በመዋጋት ረገድ ታማኝ አጋር ናት፣ ወታደሮቿ ሶማሊያ ውስጥ እየተዋደቁ ባሉበት ሰዓት እርሷን መቅጣት ወዳጅን መቅጣት ነው የሚል ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊንም በቅርብ ያውቋቸው ነበር። በዚያ ሰሞን የእኚህን ሴናተር ስም በመልካም የሚያነሣ ሰው በእኛ ስብሰባ ላይ ቢነሣ ኖሮ ማንም አያዳምጠውም ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት አያያዝ ኤች አር 128 የተባለው የውሳኔ ሐሳብ በቀረበ ጊዜም ስማቸው በመካከላችን የሚነሣው በተቃዋሚነት ነበር።

አሁን ወደ 2021 እንለፍ። የሰሜኑ ጦርነት ተቀጣጥሏል፤ የባይደን አስተዳደር ማዕቀብ ይጥላል፣ የአጎዋ የንግድ ዕድል ሊቋረጥ ነው፤ በዋሽንግተን አደባባዮች «በቃ» የሚሉ ብዙ ሺሕ ኢትዮጵያውያን ተሰልፈዋል። በዚህ ጊዜ በሴኔት ተነሥተው ስለ ኢትዮጵያ መንግሥትና ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ መልካም የተናገሩት እነዚያው ኢንሆፍ ናቸው። ንግግራቸው በቴሌግራምና በፌስቡክ እየተቀባበለ ተሰራጨ። በ2007 ከእኔ ጋር ወረቀት ያከፋፍል የነበረ አንድ ወዳጄ የሴናተሩን ፎቶግራፍ ከሰንደቅ ዓላማችን ጋር አድርጎ «የኢትዮጵያ ባለውለታ» ብሎ ለጥፎት አየሁ። በሌላ በኩል ቤተሰቦቹ መቐለ የነበሩና ለወራት ድምፃቸውን ያልሰማ የሥራ ባልደረባዬ በዚያው ሳምንት የዚህን ሰው ስም ሲሰማ ፊቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ልክ እኛ በ2007 እንሆን እንደ ነበረው።

ይህን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ሴናተሩ በ2007 ያደረጉትና በ2021 ያደረጉት አንድ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን መሪ፣ ያወቁትን፣ አብረውት የጸለዩትን፣ የአገራቸው አጋር ነው ብለው ያመኑበትን ሰው ከለላ ሰጡ። እሳቸው አልተለወጡም። የተለወጥነው እኛ ነን። በወንበሩ ላይ ያለው ሰው እኛ የምንጠላው ሲሆን ኢንሆፍ የአምባገነን ጠበቃ ነበሩ፤ ብዙዎቻችን የምንደግፈው ሲሆን ደግሞ የኢትዮጵያ ወዳጅ ሆኑ። ከደብዳቤው ላይ ያሳመመኝ ይህ ነበር። «ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ» የሚለው ቃል ከምርጫ 97 በኋላ የወደቁትን 193 ሰዎች ከኢትዮጵያ ውጭ ያደርጋቸዋል። እኔ ስለ እነርሱ የፈረምኩትን ፊርማ በሌላ ፊርማ መሰረዝ አልቻልኩም።

አባቴ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና የሰጡኝ መልስ ቀላል አልነበረም። «ልጄ» አሉኝ፣ «መንግሥት ይመጣል ይሄዳል። ያ ሰው ግን አፍሪካን በካርታ ላይ እንኳ ለይተው በማያውቁ ሰዎች መካከል ተቀምጦ አገርህን የሚያውቅ ሰው ነበር። አንተ ስለ ጥፋቱ የምትከራከረው ስለ እኛ የሚናገር ሰው ስለ ተገኘ ነው፤ ሌሎቹማ አልተናገሩም፣ ስለዚህም አልተሳሳቱም።» ይህ እውነት አለበት። ኢንሆፍ ወደ አፍሪካ አገሮች ከመቶ ጊዜ በላይ ተመላልሰዋል። ለኦክላሆማ መራጭ አፍሪካ ድምፅ አታስገኝም። የአሜሪካ ጦር ስለ አፍሪካ ራሱን የቻለ ዕዝ እንዲኖረው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም ጀርመን ሳይሆን በአህጉሩ ላይ እንዲሆን ለዓመታት የወተወቱ ናቸው። በቤተሰባቸው ውስጥም ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የመጣች የልጅ ልጅ ነበረቻቸው፤ ስለ እርሷም በሴኔት መድረክ ላይ ሳይቀር በፍቅር ይናገሩ ነበር። ያን ፍቅር የምጠራጠርበት ምክንያት የለኝም።

ነገር ግን የወዳጅነታቸውን አካሄድ ከኢትዮጵያ ውጭም ስንመለከተው ተመሳሳይ መልክ ይዞ እናገኘዋለን። በ2010 መጨረሻ የኮትዲቯር ፕሬዚዳንት ሎራን ባግቦ በምርጫ መሸነፋቸው ቢታወጅም ሥልጣን አልለቅም ብለው አገሪቱ ወደ ጦርነት በገባች ጊዜ፣ ዓለም ሁሉ ለአላሳን ዋታራ ዕውቅና ሲሰጥ፣ በአሜሪካ ሴኔት ተነሥተው ምርጫው ተጭበርብሯል፣ ባግቦ ተበድለዋል ያሉት ኢንሆፍ ነበሩ። ባግቦንና ባለቤታቸውን ለዓመታት ያውቋቸው ነበር፤ ትውውቁም በጸሎት ላይ የተመሠረተ ነበር። ከዚያ ቀውስ ጋር በተያያዘ ወደ ሦስት ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ አልቋል።

ከዚሁ ጎን ደግሞ የእኔን ክርክር የሚያስቸግር ሌላ እውነት አለ። ምዕራባዊ ሰሃራን በተመለከተ ኢንሆፍ የቆሙት ወንበር ከሌለው ወገን ጋር ነው። ከ1975 ጀምሮ በአልጄሪያ በረሃ በድንኳን የሚኖሩትን የሰሃራውያን ስደተኞች መጠለያ ድረስ ሄደው አይተዋል፤ የራሳቸውን ዕድል በራሳቸው ድምፅ እንዲወስኑ ሲጠይቁም ኖረዋል። በዲሴምበር 2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ግዛቲቱን የሞሮኮ ናት ብለው ሲያውጁ፣ ከራሳቸው ፓርቲ ፕሬዚዳንት ፊት ቆመው ውሳኔውን በሴኔት የነቀፉት እኚሁ ሴናተር ናቸው። ከዚያ ምንም የሚያገኙት ጥቅም አልነበረም። አባቴ ይህን ታሪክ ሲያነሡብኝ ብዙ ጊዜ መልስ አጥቻለሁ።

ረጅም ጊዜ ካሰብኩበት በኋላ የደረስኩበት ሐሳብ ይህ ነው። ኢንሆፍ በእጃቸው የዳሰሱትን የሚያምኑ ሰው ነበሩ። ጨብጠው አብረው የጸለዩትን መሪ ያምኑታል። ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ሻይ የጠጡለትን ስደተኛ ያምኑታል። በጉልበታቸው ላይ የተቀመጠችውን ኢትዮጵያዊት ሕፃን ያምናሉ። ያላዩት፣ ያልጨበጡት፣ በሪፖርትና በቁጥር ብቻ የመጣላቸው ነገር ግን ልባቸው ውስጥ አይገባም። በአዲስ አበባ ጎዳና የሞተ ወጣት እናቱ ሴናተሩን የምታገኝበት መንገድ የላትም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን አላቸው። ይህ ጠባይ ለወዳጅነት መልካም ነው፤ በሩቅ አገር ሰዎች ሞትና ሕይወት ላይ ድምፅ ለሚሰጥ ዳኛ ግን አደገኛ ነው።

ዓለም ሁሉ የሚያስታውሳቸው በረዶም ከዚሁ የተለየ አይመስለኝም። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2015፣ የሳይንስ ተቋማት የቀደመው ዓመት በሙቀት ልኬት ታሪክ ከሁሉ የላቀ ሞቃት ነበር ብለው ባስታወቁበት ሰሞን፣ ኢንሆፍ ከምክር ቤቱ ደጅ የታፈሰና የተድበለበለ በረዶ በላስቲክ ይዘው ወደ ሴኔቱ አዳራሽ ገቡ፤ ውጭው በጣም ቀዝቃዛ መሆኑን ለማሳየት አውጥተው ወረወሩት። ቀድሞ በ2003 ሰው ሠራሽ የምድር ሙቀት በአሜሪካ ሕዝብ ላይ የተፈጸመ ታላቅ ማታለያ ሊሆን ይችላል ብለው ነበር። በ2012 ደግሞ ለኖኅ የተገባውን ቃል፣ ምድር እስካለች ድረስ መዝራትና ማጨድ፣ ብርድና ሙቀት፣ በጋና ክረምት እንደማይቋረጡ የሚናገረውን የኦሪት ዘፍጥረት ክፍል ጠቅሰው፣ እግዚአብሔር በአየር ንብረት የሚያደርገውን የሰው ልጅ ሊለውጠው ይችላል ብሎ ማሰብ ትዕቢት ነው አሉ። በ2015 መጀመሪያ ሴኔቱ የአየር ንብረት ለውጥ እውን እንጂ ማታለያ አይደለም የሚል ሐሳብ በ98 ድምፅ በ1 ሲያሳልፍ እሳቸውም ደግፈዋል፤ የአየር ንብረት ሁልጊዜ ሲለዋወጥ የኖረ ነው፣ ሰው ግን አይለውጠውም የሚል ትርጉም ሰጥተው።

እዚህ ላይ እንደ ኢትዮጵያዊ ብቻ ሳይሆን እንደ ዓለማያ ምሩቅ ነው የምናገረው። ብዙ ወጣት አንባቢ ላያውቀው ይችል ይሆናል እንጂ የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ ያቋቋመልን የኦክላሆማ ሕዝብ ነው። የኦክላሆማ እርሻና መካኒካል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት በ1950 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተነጋገሩ፤ እሳቸው በ1951 ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው ቢያልፍም ሥራው አልቆመም። ከ1952 እስከ 1968 ድረስ የኦክላሆማ መምህራን ከነቤተሰቦቻቸው ሐረርጌ ድረስ እየመጡ አስተማሩ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ስቲልዎተር ወደምትባለው የኮሌጁ ከተማ ሄደው ምስጋናቸውን አቅርበዋል። የሚገርመኝ እነዚያ መምህራን ከየት እንደ መጡ ነው። በ1930ዎቹ ያለ ጥንቃቄ የታረሰ የኦክላሆማ መሬት ድርቅ ሲመታው አፈሩ በነፋስ ተነሥቶ ሰማዩን አጥቁሯል፤ ብዙ ሺሕ ገበሬ ቤቱን ዘግቶ ወደ ካሊፎርኒያ ተሰድዷል። ሰው ምድርን ሊያበላሽ እንደሚችልና ሊያክማትም እንደሚችል በገዛ እርሻቸው ላይ የተማሩ ሰዎች ናቸው ለእኛ ሽማግሌ መምህራን ያስተማሩት፣ የእኛም መምህራን ለእኛ።

በትምህርት ዘመኔ የዓለማያ ሐይቅ ከመንገዱ ማዶ ሞልቶ ይታይ ነበር። ማለዳ ጉም ከላዩ ሲነሣ፣ ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን ሲገፉ እያየን ወደ ክፍል እንገባ ነበር። ከዓመታት በኋላ ለጉብኝት ስመለስ ከብቶች በሐይቁ ወለል ላይ ሣር ይግጡ ነበር። ውኃው በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት አልቆ ነበር። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ለጫትና ለአትክልት መስኖ የተተከሉት ሞተሮች፣ ወደ ሐረር ከተማ ይሳብ የነበረው ውኃ፣ ከተራቆቱት ኮረብቶች እየታጠበ የወረደው ደለል፣ በላዩም የሙቀቱ መጨመር ተባብረው ነው ያጠፉት። ሴናተሩ በዚህ እጃቸው የለበትም፤ እንዲህ ብዬ ልወነጅላቸው አልፈልግም። የምለው ግን ይህ ነው። የሰው እጅ በአንድ ትውልድ ዕድሜ አንድን ሐይቅ ሊጨርስ መቻሉን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው የፈጣሪን ሥራ ሊነካ አይችልም ማለት የሚያጽናና ትምህርት ነው፤ የደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ ቆሞ ግን ሊነገር አይችልም። በቅርብ ዓመታት ውኃው በከፊል ተመልሷል ሲባል የተደሰትኩትም ለዚህ ነው፤ ሰው የጎዳውን ለማዳን ተስፋ አለውና።

እምነትን በተመለከተም ከሴናተሩ ጋር የምለይበት ምክንያት ከእምነት ስለ ራቅሁ አይደለም። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ገጠሮች መሬቱ ሁሉ ተመንጥሮ ሳለ በየደብሩ ዙሪያ ያለው ደን ቆሞ የቀረው የሚጸልዩ ሰዎች ዛፉን የእግዚአብሔር ገንዘብ ነው ብለው ስለ ጠበቁት ነው። አባቶቻችን ያንኑ የኖኅን ታሪክ አንብበው የደረሱበት መደምደሚያ ዛፍ መጠበቅ ነበር።

በረዶው በተወረወረበት በዚያው በ2015 ዓመት የኢትዮጵያ ክረምት ዝናብ በኤልኒኞ ምክንያት ክፉኛ አነሰ፤ በዓመቱ መጨረሻ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን መድረሱ ታወቀ። ኤልኒኞ ከጥንትም የነበረ የባሕር ሙቀት ዑደት ነው፤ የሞቀች ምድር ግን ለእንዲህ ያለው ድርቅ ይበልጥ እንደምትጋለጥ የተማርኩት ሳይንስ ያስተምረኛል። በሜይ 2017 ኢንሆፍ ከ21 ሪፐብሊካን ሴናተሮች ጋር ሆነው አሜሪካ ከፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት እንድትወጣ ለፕሬዚዳንቱ ጻፉ፤ በጁን መጀመሪያ መውጣቷ ታወጀ። በኋላም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን የመሩት አንድሩ ዊለር ቀድሞ የእሳቸው ሠራተኛ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ የሴናተሩ ውርስ አንድ የተወረወረ በረዶ ብቻ አይደለም፤ በሰዎችም፣ በሕግም፣ በጠፋ ጊዜም የሚቆጠር ነው። እናም አፍሪካን ከመቶ ጊዜ በላይ የጎበኘ ሰው፣ ከዚህ ነገር ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው የአፍሪካ ገበሬ መሆኑን ሳያይ መመለሱ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል።

በአሜሪካ የውስጥ ጉዳይ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ፍርዴ እንዳያዳላ ያህል ግን ጥቂት ልጥቀስ። በአየር ንብረት ጉዳይ ፍጹም ባላጋራቸው ከነበሩት ከካሊፎርኒያዋ ዴሞክራት ከባርባራ ቦክሰር ጋር ሆነው የአገሪቱን ታላላቅ የመንገድ ሕጎች አሳልፈዋል። በ2006 እንግሊዝኛ ብሔራዊ ቋንቋ ይሁን የሚል ማሻሻያ ማቅረባቸው እንደ እኔ ላለ በአማርኛ ለሚጽፍ ስደተኛ የሚያስደስት አልነበረም። በጃንዋሪ 2021 ግን፣ ከፓርቲያቸው ብዙዎች የምርጫውን ውጤት ሲቃወሙ፣ የማሉትን መሐላ ጠቅሰው ተቃውሞውን አልደግፍም አሉ። ከሰውየው ጋር ከተቀራረብኩባቸው ቀናት አንዱ ያ ነው። ምርጫ 97ን ያየ ሰው የተቆጠረ ድምፅ መከበሩን ቀላል ነገር አያደርገውም። ለአዲስ አበባ መራጭም ያንኑ ቢመኙለት ኖሮ እላለሁ።

አባቴ ደግሞ ከሁሉ የሚያስታውሱት አብራሪነታቸውን ነው። ኢንሆፍ እስከ እርጅናቸው ትንንሽ አውሮፕላን ያበሩ ነበር። በ2010፣ በ75 ዓመታቸው፣ ቴክሳስ ውስጥ ለጥገና በተዘጋና ሠራተኞች በነበሩበት ማኮብኮቢያ ላይ አረፉ፤ ሠራተኞቹ ሮጠው አመለጡ። የአቪዬሽኑ መሥሪያ ቤት ተጨማሪ ሥልጠና እንዲወስዱ አዘዛቸው። እሳቸው ግን ከአብራሪነት ፈቃድ ጋር በተያያዘ ግለሰቡ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ሲከራከር የሚደርስበትን ችግር በራሳቸው ላይ ካዩ በኋላ የአብራሪዎችን መብት የሚያስከብር ሕግ አርቅቀው በ2012 አሳለፉ። አባቴ ይህን ታሪክ ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በሴናተሩ ተቆጡ። «ማኮብኮቢያ ላይ ሰው እያለ?» አሉ፤ ጥቂት ቆይተውም «እነዚያ ሠራተኞችስ ማን ሕግ አወጣላቸው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ስለ ደብዳቤው ላስረዳቸው ስሞክር የኖርኩትን በአንድ ጥያቄ የጨረሱልኝ መሰለኝ፤ ይህንንም ነገርኳቸው።

በፌብሩዋሪ 2023፣ ሴኔቱን ከለቀቁ በኋላ፣ ሴናተሩ ያለ ጊዜያቸው ለመልቀቅ ካበቋቸው ምክንያቶች አንዱ ከኮቪድ በኋላ ያልለቀቃቸው ሕመም መሆኑን ለከተማቸው ጋዜጣ ተናገሩ። ይህ ሕመም ያለባቸው ሌሎች የምክር ቤት አባላትም እንዳሉ፣ የሚናገሩት ግን እሳቸው ብቻ እንደ ሆኑ ጨምረው ገለጹ። ያንን ሳነብ አዘንኩላቸው። ደካማነትን በአደባባይ መናገር ለእንደሳቸው ላለ ሰው ቀላል አልነበረም።

ደብዳቤው ያለ እኔ ፊርማ ተላከ። ከመላኩ በፊት ግን አንድ ነገር ለምኜ ነበር፤ ከምስጋናው ቀጥሎ፣ በአክብሮት ቃል፣ በ2007 ስለ ተቃወሙት ሕግና ሕጉ ስለ ታሰበላቸው ሰዎች አንድ አንቀጽ ይግባ፣ ያን ጊዜ እኔም እፈርማለሁ አልኩ። አባቴ አሰቡበትና «ሰው ሲሸኝ እንዲህ አይባልም» ብለው ተዉት። እኔም አልተቀየምኳቸውም። ሴናተሩ ያረፉ ሰሞን ግን ደወሉልኝና «ያ ያልከው አንቀጽ፣ ጽፈኸው ነበር ወይስ በቃልህ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በእጄ ጽፌ አስቀምጬው ነበር። «እስቲ አምጣልኝ፣ ልየው» አሉኝ፤ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዤላቸው ሄድኩ።